ጀርባውን ያዙሩት፦ የሉዊ 16ኛ ዘመን የነሐስ መቅረዝን መርምሮ ለመግዛት

ቅዳሜ ጠዋት በፓሪስ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በሳንቱዋን የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ነጋዴው ጥንድ የግድግዳ መቅረዝ በጥቁር ከፋይ ላይ አጋድሞ ይጠብቃል። ወርቁ ያብረቀርቃል። የበግ ራሱ፣ የቅጠል ጉንጉኑ፣ ከላይ የታሰረው የጥብጣብ ቋጠሮ ዓይን ይስባል። ገዢው ጎንበስ ብሎ ፊቱን ያደንቃል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ይከፍላል፤ ዕቃውን ግን አንድ ጊዜ እንኳ ገልብጦ አላየም። እኔም የመጀመሪያውን ጥንድ የገዛሁት በዚሁ መንገድ ነው። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ዋናው ነገር አንድ ነው፤ የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 16ኛ ዘመን ነሐስ ዕድሜውን የሚናገረው በጀርባው ነው። ይህ መመሪያም በአብዛኛው ስለ ጀርባ ነው።

የማወራው ፈረንሳዮች «አፕሊክ» ስለሚሉት፣ ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀል፣ ወርቅ ስለተለበጠ የነሐስ መቅረዝ ነው። ዘዴው ግን ለጠረጴዛ መቅረዝ፣ ለሻንደሊየር፣ ለሰዓት ማቀፊያና ለመሳቢያ እጀታም ይሠራል፤ ሁሉንም ያወጡት የአንድ ሙያ ሰዎች ናቸውና። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይዘውት የሚሄዱት ዕቃ ብዙ አይደለም፦ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር፣ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ ማግኔት፣ ካሊፐር (ስፋትና ውፍረት በሚሊሜትር የሚለካ መሣሪያ)፣ ሜትር፣ የጥጥ ጓንት። ጓንቱን አይናቁት። የጣት ላብ ጨው አለው፤ ወርቁ በሳሳበት ቦታ ሰርጎ ነሐሱን ያጠቁረዋል።

አንደኛ እርምጃ፦ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት እውነተኛውን ይዩ

ዋጋ ያልተጻፈበት ቦታ ዓይን በነጻነት ይማራል። ፓሪስ ውስጥ ከሆኑ በኮንኮርድ አደባባይ ወደሚገኘው ኦቴል ደ ላ ማሪን ይሂዱ። ሕንፃው ከፈረንሳይ አብዮት በፊት የንጉሡ የዕቃ ግምጃ ቤት ነበር፤ ከረጅም እድሳት በኋላ በ2021 ለጎብኚ ተከፍቷል። በሉቭር ሙዚየም የ18ኛው ክፍለ ዘመን የቤት ዕቃ ክፍሎችም አሉ። ለንደን ያሉ ደግሞ ያለ ክፍያ የሚገባበት የዋላስ ስብስብ አለላቸው፤ የዘመኑ ስመ ጥር ነሐስ ሠሪ ፒየር ጉቲዬር በ1771 የሠራው የአቪኞን ሰዓት የሚገኘው እዚያ ነው።

ሙዚየም ውስጥ ፊት ለፊት ብቻ አይቁሙ። ወደ ጎን ይሂዱና ነሐሱ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ ይመልከቱ። ወርቁ የት ላይ እንደሚያልቅ ያያሉ። ያንን ጠርዝ በአእምሮዎ ይዘው ይውጡ።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ጌጡን ያንብቡ፣ ነገር ግን አይመኑት

ሉዊ 16ኛ የነገሠው ከ1774 እስከ 1792 ነው፤ በስሙ የሚጠራው የአሠራር ስልት ግን ከእርሱ ይቀድማል። ሄርኩላኒየም ከ1738፣ ፖምፔ ከ1748 ጀምሮ ሲቆፈሩ፣ ከአመድ ሥር የወጣው የጥንት ሮማውያን ቤትና ዕቃ የአውሮፓን ዓይን ለወጠ። ፓሪስ ውስጥ በ1760ዎቹ «የግሪክ ጣዕም» የሚባል ነገር ፋሽን ሆነ። ቀደም ሲል እንደ ሐረግ ይጠማዘዝ የነበረው ነሐስ ቀጥ አለ። ቦይ የወጣለት ዓምድ፣ የሎሬል ቅጠል ጉንጉን፣ የበግ ራስ፣ የፍላጻ ኮሮጆ፣ ችቦ፣ የጥብጣብ ቋጠሮ፣ ክዳን ያለው የጽዋ ቅርጽ መጣ። ሊራም አለ፤ የእኛ ክራር የቅርብ ዘመድ ነው፤ በመቅረዝ ግንድ ላይ ተሠርቶ ሲያዩት ወዲያውኑ ይለዩታል።

ከ1804 እስከ 1815 በዘለቀው በናፖሊዮን መንግሥት ዘመን ደግሞ ንስር፣ ንብ፣ ክንፍ ያላት የድል አምላክ፣ እንዲሁም በ1798 ከተጀመረው የግብፅ ዘመቻ በኋላ ስፊንክስ በብዛት ይታያሉ። ቅርጹ ይከብዳል፣ ጥቁር ነሐስና ወርቅ ጎን ለጎን ይቆማሉ።

ይህን ማወቅ ግድ ነው፤ በቂ ግን አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የናፖሊዮን 3ኛ ሚስት እቴጌ ኡዤኒ የሉዊ 16ኛን ሚስት ማሪ አንቷኔትን እጅግ ስለምታደንቅ የሉዊ 16ኛ ስልት እንደ አዲስ ተወደደ፤ የፓሪስ ነሐስ ሠሪዎችም ያንኑ የበግ ራስ፣ ያንኑ ቋጠሮ እንደገና አወጡ። ብዙዎቹ በጣም ጥሩ ሥራዎች ናቸው። ስለዚህ ጌጡ የሚነግርዎ ስልቱ የየትኛው ዘመን እንደሆነ እንጂ ዕቃው መቼ እንደተሠራ አይደለም።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ያዙሩት

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ነጋዴውን አስፈቅደው መቅረዙን በሁለት እጅ፣ ከቅርንጫፉ ሳይሆን ከግንዱ ይዘው ይገልብጡት።

የሚያዩትን ለመረዳት የአሠራሩን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነሐሱ ቀልጦ ከአሸዋ በተሠራ ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል። ሲወጣ ሻካራ ነው። ቀራጩ በመሮና በሞረድ ቅጠሉን ቅጠል፣ ጸጉሩን ጸጉር ያደርገዋል። ከዚያ ወደ ለባጩ ይሄዳል። ለባጩ ወርቅን ከባዜቃ፣ ማለትም ከሜርኩሪ ጋር ቀላቅሎ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነገር ያበጃል፤ በነሐሱ ላይ በብሩሽ ይቀባዋል፤ ከዚያ በከሰል እሳት ላይ ያሞቀዋል። ባዜቃው ተንኖ ሲሄድ ወርቁ ከነሐሱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ።

ያ ትነት ሰው ይገድል ነበር። የለባጮች እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጥርሳቸው ይረግፋል፣ ብዙዎች በጉልምስናቸው ያልፉ ነበር። በ1814 የሞተው የፓሪሱ ነሐስ ሠሪ አንድሬ አንቷን ራቭሪዮ ሠራተኞቹ ሲመረዙ እያየ ኖሮ፣ ለባጮችን ከባዜቃ የሚጠብቅ ዘዴ ለሚያገኝ ሰው 3,000 ፍራንክ እንዲሸለም ተናዘዘ። ሽልማቱን በ1818 የወሰደው ትነቱን በጢስ መውጫ ስቦ የሚያስወጣ ምድጃ የነደፈው ኬሚስቱ ዳርሴ ነው። አንድ የሉዊ 16ኛ መቅረዝ በእጄ በያዝኩ ቁጥር ይህ ኑዛዜ ትዝ ይለኛል፤ ያ ውበት በምን ዋጋ እንደተገኘ ሳያስቡ ማድነቅ ለእኔ ከባድ ነው።

አሁን ጀርባውን ይመልከቱ። ወርቁ ውድ ነው፣ ሥራው ሕይወት ያስከፍላል፤ ታዲያ ግድግዳ የሚሸፍነውን ማን ይለብጠዋል? የዘመኑ መቅረዝ ጀርባ በአብዛኛው ራቁቱን ነው። ቡናማ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥቁር ቀለም አለው፤ የአሸዋው ሻካራነት ይታያል፤ የሞረድ ጭረት በየአቅጣጫው ተሠምሯል። ጠርዙ ላይ ደግሞ ብሩሹ አልፎ የሄደበት የወርቅ ፍሳሽ፣ ያልተስተካከለ ቢጫ ጥፍጣፊ ያገኛሉ። ይህ ፍሳሽ ሲያዩት ደስ ይበልዎ፤ የሰው እጅ ነው።

ጀርባው እንደ ፊቱ እኩል ቢጫ ከሆነ ሌላ ታሪክ አለ። በ1840ዎቹ በኤሌክትሪክ መለበጥ ተስፋፋ። ዕቃው ወርቅ በሟሟበት ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል፤ ኤሌክትሪኩ ፊትና ጀርባ አይለይም፤ ቀለሙም በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት፣ ስስና ቀዝቀዝ ያለ ነው። ባትሪዎን ወደ ጉድጓዶቹ ያብሩ፤ ብሩሽ ሊደርስበት በማይችል ጥግ ሁሉ ወርቅ ካለ ዕቃው ተነክሯል ማለት ነው።

ሆኖም በዚህ ብቻ ፍርድ አይስጡ። በ19ኛው ክፍለ ዘመንም በባዜቃ መለበጣቸውን የቀጠሉ ጥሩ ሠሪዎች ነበሩ፤ በሌላ በኩል እውነተኛ የዘመኑ ዕቃ ሆኖ ወርቁ ስላለቀ በኋላ በኤሌክትሪክ የተለበጠ አለ። ዋጋው ከፍ ያለ ዕቃ ከሆነ በኤክስሬይ መሣሪያ የሚመረምር ባለሙያ ወርቁ ውስጥ የቀረ ባዜቃ መኖሩን ሳይጭር ማየት ይችላል። በገበያ ጠረጴዛ ላይ ግን ቀጣዮቹ እርምጃዎች ይቀጥላሉ።

አራተኛ እርምጃ፦ በማጉያ መነጽር ፊቱን ይመርምሩ

ጥሩ የዘመኑ ልባጥ አንድ ወጥ አይደለም፤ አንዱ ቦታ ያብረቀርቃል፣ ሌላው እንደ ጨርቅ የደበዘዘ ነው። የሚያብረቀርቀው በጠንካራ ለስላሳ ድንጋይ ታሽቷል፤ የደበዘዘው ሆን ተብሎ እንዲሁ ተትቷል። ይህን ድብዝ ያለ ልባጥ ወደ ፍጹምነት በማድረስ ስሙ የሚነሣው ጉቲዬር ነው፤ ለሉዊ 15ኛ ውሽማ ለማዳም ዱ ባሪ የሉቭሲየን ቤት ብዙ ሠርቶ፣ ገንዘቡን ሳያገኝ ከስሮ፣ በ1813 በድህነት ሞተ።

መነጽሩን በአንዲት ቅጠል ላይ ያሳርፉ። የቅጠሉ ሥር ስለታም ነው? መሮው የገባበትና የወጣበት ይለያል? ከቅጠሉ በስተጀርባ ያለው ሜዳ በጥቃቅን ነጥቦች ተወቅሯል? ሁሉም መስመር ለስላሳ፣ ክብ ክብ ያለ፣ ብዙ እንደታጠቡበት ሳሙና ከሆነ፣ ዕቃው ከሌላ ዕቃ ላይ በተወሰደ ቅርጽ የወጣ ሊሆን ይችላል። ይህ ወደ ራሴ ታሪክ ያመጣናል።

አምስተኛ እርምጃ፦ ጥንዱን ይለኩ

ነሐስ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ከመቶ አንድ ተኩል እስከ ሁለት ያህል። ዋናው ሞዴል ይህ ታስቦበት ይሠራል። ነገር ግን አንድ ሰው ያለቀውን ዕቃ ራሱን እንደ ሞዴል ተጠቅሞ አዲስ ቢያወጣ፣ አዲሱ ከአባቱ ያንሳል።

የእኔ ጥንድ ቆንጆ ነበር፦ ሁለት ቅርንጫፍ፣ ከላይ የጥብጣብ ቋጠሮ፣ ከሥር ጥድ ፍሬ። ቤት አምጥቼ ከመስታወቱ ግራና ቀኝ ስሰቅላቸው አንድ ነገር ዓይኔን ቆረቆረው። ቋጠሮዎቹን እኩል ባደርግ ከሥር ያሉት ፍሬዎች አይስተካከሉም። አውርጄ ለካኋቸው። የመጀመሪያው 48 ሴንቲሜትር፣ ሁለተኛው 47.2 ሆነ። ስምንት ሚሊሜትር። ገለበጥኳቸው፤ የአንደኛው ጀርባ ቡናማና የተሞረደ፣ የሁለተኛው ለስላሳና ወጥ ቢጫ። አንዱ የዘመኑ ነው፤ ሌላው ከእርሱ ላይ ተወስዶ ብዙ ቆይቶ ጥንድ እንዲሆነው የተሠራ። የሸጠልኝ ሰው አያውቅም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ እኔም አልጠየቅኩትም፣ አልለካሁምም። የከፈልኩት ግን የሁለት የዘመኑ መቅረዞች ዋጋ ነው።

ስለዚህ ጥንድ ሲገዙ ሁለቱንም ይለኩ። አጠቃላይ ቁመቱን ብቻ ሳይሆን አንዲት ትንሽ ነገር፣ ለምሳሌ የበጉን ራስ ስፋት፣ በካሊፐር ይለኩ። በእጅ የተጠናቀቀ ሥራ ስለሆነ የፀጉር ያህል ልዩነት ጤናማ ነው። አንዱ በሁሉም ልኬት በተመሳሳይ መጠን ካነሰ ግን ልጅ ነው።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ዳዶውንና ብሎኑን ይፍቱ

ከተፈቀደልዎ የሻማ ማቆሚያውን ጽዋና ከሥሩ ያለውን ሰም መቀበያ ሳህን በእጅ ይፍቱ። ካልተፈታ አያስገድዱት። የድሮ ብሎን ጥርሱ በእጅ የተቆረጠ ነው፤ ርቀቱ ትንሽ ይዛባል፣ ጫፉም በሞረድ የተስተካከለ ነው። ዳዶው ብዙ ጊዜ አራት ማዕዘን ሆኖ ጎኖቹ እኩል አይደሉም። እንከን የለሽ ስድስት ማዕዘን ዳዶ ካገኙ ቢያንስ ያ ክፍል ተቀይሯል። ማግኔቱን የሚፈልጉት እዚህ ነው፤ ነሐስ አይስብም፤ የሳበው ነገር ብረት ነው፣ በኋላ የገባም ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ምልክቶችን ይፈልጉ። ሠሪው ለባጩ ዘንድ የሚላኩት ክፍሎች እንዳይደባለቁበት እያንዳንዱን ጽዋ፣ ሳህንና ቅርንጫፍ በሞረድ ጭረት ወይም በነጥብ ይቆጥራቸው ነበር፦ አንድ ጭረት፣ ሁለት ጭረት፣ ሦስት ጭረት። ሁለት ጭረት ያለበት ቅርንጫፍ ላይ ሁለት ጭረት ያለበት ሳህን ካገኙ፣ ክፍሎቹ ከልደታቸው ጀምሮ አልተለያዩም።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ሽቦው የት አለፈ?

እነዚህ መቅረዞች የተሠሩት ለሻማ ነው፤ ሀብታሙ ቤት የንብ ሰም፣ ሌላው የሞራ ሻማ ያበራ ነበር። የሻማ መቅረዝ ቅርንጫፍ ባዶ መሆን አያስፈልገውም፤ ድፍን ነው። ቅርንጫፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቧንቧ ሆኖ ከተሠራ፣ ለጋዝ ወይም ለኤሌክትሪክ ታስቦ የተሠራ ነው፤ የሉዊ 16ኛ ዘመን ሊሆን አይችልም።

ድፍን ሆኖ በኋላ የተሰረሰረ ደግሞ አለ። ሳህኑን ወይም ጽዋውን በስቶ ያለፈ ክብ ቀዳዳ፣ ወይም ከቅርንጫፉ ጀርባ ተደብቆ የሚሄድ ቀጭን ሽቦ ይፈልጉ። መሰርሰሪያው ያለፈበት ጠርዝ ያልተለበጠ ጥሬ ነሐስ ያሳያል። ይህ ዕቃውን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ ዋጋውን ግን ይቀንሳል፣ ለመከራከሪያም ይረዳዎታል። ያልተበሳ ጥንድ ካገኙ እባክዎ እርስዎ አይብሱት። ሽቦው ሳይበሳ ከውጭ ሊታሰር ይችላል፤ ያም ካልጣመዎ ሻማ ያብሩበት።

ስምንተኛ እርምጃ፦ ብረቱና ማኅተሙ

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ፈረንሳዮች «ሬጉል» የሚሉት በዚንክ ላይ የተመሠረተ ርካሽ ቅይጥ በነሐስ ቦታ ተሸጧል። ከነሐስ ይቀልላል፣ ሲያንኳኩት ድምፁ የታፈነ ነው፣ የተፋቀበት ቦታ ወደ ግራጫ ብር ያደላል። ነሐስ ሲፋቅ ቢጫ ወይም ቀላ ያለ ነው። የተፋቀ ቦታ ከሥሩ ይፈልጉ፤ ራስዎ ግን አይፋቁ።

አክሊል የደፋች ትንሽ የላቲን «ሴ» ፊደል ታትማ ካገኙ ብዙ ሰው ይደሰታል። እርስዎ ይጠንቀቁ። ያ ማኅተም መዳብ ባለባቸው ዕቃዎች ላይ የተጣለ ግብር ምልክት ሲሆን የተሠራበት ከ1745 እስከ 1749 ብቻ ነው። የሉዊ 16ኛ ስልት ገና አልተወለደም ነበር። ቀጥ ባለ ዓምድና በበግ ራስ ላይ ይህን ማኅተም ማግኘት የሚያስጠረጥር እንጂ የሚያኮራ አይደለም። የሠሪ ፊርማም እንዲሁ ነው፤ የዘመኑ ነሐስ ሠሪዎች እንደ አናጺዎቹ ስማቸውን የማተም ግዴታ ስላልነበረባቸው አብዛኛው ሥራ ስም የለውም። በጉልህ የተጻፈ የጉቲዬር ስም ካዩ ጥርጣሬዎን ያጥብቁ።

ዘጠነኛ እርምጃ፦ ሁለት ቃላት በደረሰኝ ላይ

በፈረንሳይ የምትገዙ ሁሉ ይህን ልብ በሉ። በማርች 3 ቀን 1981 የወጣው፣ በተለምዶ የማርኩስ ድንጋጌ የሚባለው ሕግ የቃላትን ክብደት ወስኗል። ደረሰኙ «ኤፖክ ሉዊ 16ኛ»፣ ማለትም «የሉዊ 16ኛ ዘመን» ካለ ሻጩ ዕቃው በዚያ ዘመን መሠራቱን ያረጋግጣል፤ በኋላ የተጨመረ ክፍል ካለም መግለጽ አለበት። «ስቲል ሉዊ 16ኛ»፣ ማለትም «የሉዊ 16ኛ ስልት» ካለ ግን ምንም የዘመን ዋስትና አልሰጠም፤ ትናንት የተሠራም ሊሆን ይችላል። በቃል «የዘመኑ ነው» ተብሎ በወረቀት «ስቲል» ከተጻፈ የሚቆጠረው ወረቀቱ ነው። የተቀየሩ ክፍሎች፣ ድጋሚ ልባጥና ቀዳዳዎች እንዲጻፉ ይጠይቁ፤ ፎቶ ይያያዝ።

በድሩዎ ወይም በሌላ የጨረታ ቤት ከገዙ፣ ከመዶሻው ዋጋ በላይ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ክፍያ እንደሚታከል አስቀድመው ያስሉ። ከፈረንሳይ ሊያወጡት ካሰቡም ዕድሜውና ዋጋው የኤክስፖርት ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ።

አሥረኛ እርምጃ፦ ቤት ከገባ በኋላ

ሎሚና አመድ፣ ወይም ለመዳብ ማጽጃ ተብሎ የሚሸጠውን ፈሳሽ አያስጠጉት። የእናቶቻችን ሎሚና አመድ የመዳብ ትሪን እንደ ፀሐይ ያበራል፤ ወርቅ ልባጥን ግን ያነሣዋል፤ የተነሣ ልባጥ አይመለስም። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ። ቆሻሻ ከቀረ በተጣራ ውኃ ላይ ጥቂት ረጋ ያለ ሳሙና ጠብ አድርገው፣ በጥጥ ቀስ ብለው ጠርገው፣ በንጹሕ ውኃ በራሰ ጥጥ ደግመው፣ ወዲያው ያድርቁ። የደረቀ ሰም በቢላዋ አይፋቅም፤ በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርገው በጨርቅ ያንሡት። በምንም ምክንያት በእሳት ላይ አያሙቁት፤ ውስጡ የቀረ ባዜቃ ሊኖር ይችላል።

ሽቦ ካለው በጨርቅ የተሸፈነውን አሮጌ ገመድ አይመኑ፤ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ሰጥተው ያስለውጡ። በፈረንሳይ የተገጠመው በአዲስ አበባ 220 ቮልት ያለ ችግር ይሠራል፤ አሜሪካ ለምትወስዱት ግን አምፖሉም ሶኬቱም መቀየር አለበት። አምፖሉ ሞቅ ያለ ቀለም ያለውና ደካማ ይሁን፤ ይህ ወርቅ የተሠራው ለሻማ ብርሃን ስለሆነ ነጭ አምፖል ሥር እንደ ፕላስቲክ ይመስላል።

አሰቃቀሉን ድሮ የነበሩት ሰዎች ያውቁበት ነበር፦ ከምድጃው በላይ ባለው መስታወት ግራና ቀኝ፣ አንዱ ነበልባል በመስታወቱ ሁለት እንዲሆን። የእኔዎቹም እንደዚያው ተሰቅለዋል። አልለያየኋቸውም። ቋጠሮዎቹን እኩል አድርጌ፣ አጭሩን ከበሩ ራቅ ባለው በግራ በኩል ሰቅየዋለሁ፤ አንድ እንግዳ ስለ ነሐስ ሊማር ሲመጣ ሁለቱንም አውርጄ፣ በጠረጴዛ ላይ ገልብጬ፣ ጎን ለጎን አስቀምጥለታለሁ።